ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ የዓለምን ዘር ሰብስቦ በረኃብ የሞተው ሊቅ

የሰው ልጅ በየዕለቱ የሚቈርሰው እንጀራም ሆነ ዳቦ ታሪኩ ከምድጃ የሚጀምር አይደለም። አንድ ጭብጥ ገብስ ወይም አንድ ዛላ ስንዴ፣ በሺህ በሚቈጠሩ ዓመታት ውስጥ ገበሬ እየመረጠ፣ ውርጭና ድርቅ፣ ዋግና ተባይ እየፈተኑት ለዛሬው ትውልድ የደረሰ ቅርስ ነው። ይህ ቅርስ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደ በቀለ፣ ለምንስ በአንዱ አገር እጅግ በዝቶ በሌላው አንሶ እንደሚገኝ፣ ለነገውስ ትውልድ ምግብ ምን እንደሚጠቅም አጥብቀው ከመረመሩት ሊቃውንት መካከል የሩሲያው ተወላጅ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ግንባር ቀደም ነው። ረኃብን ለማጥፋት ሲል አምስት አህጉራትን ያሰሰው ይህ ሰው በእስር ቤት ውስጥ በረኃብ ተጐሳቍሎ መሞቱ፣ ታሪኩን ከሳይንስ ታሪክነት አሳልፎ ለዘመናት ሁሉ ትምህርት የሚሆን አድርጎታል።

ቫቪሎቭ ኅዳር 25 ቀን 1887 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢቫን ከገበሬ ቤተሰብ የተገኘና በጥረቱ ወደ ጨርቅ ነጋዴነት ከፍ ያለ ሰው ነበር። ልጆቹ የንግዱን ሥራ እንዲወርሱ ቢመኝም፣ ሁለቱም ወንዶች ልጆቹ ወደ ሳይንስ አዘነበሉ። ታናሹ ሰርጌይ በፊዚክስ ዕውቀቱ ታዋቂ ሆኖ ኋላ የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። ታላቁ ኒኮላይ ግን በ1906 ወደ ሞስኮ የግብርና ተቋም ገባ። ሕፃን ሳለ በ1891 እና በ1892 በሩሲያ ምድር ብርቱ ረኃብ ደርሶ ብዙ ሕዝብ አልቆ ነበርና፣ በዚያ ዘመን ግብርናን መማር ማለት የአገሪቱን ዋነኛ ችግር ፊት ለፊት መጋፈጥ ማለት ነበር።

ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ የዘር ውርስ ሳይንስ መሥራቾች ከሆኑት አንዱ በነበረው በዊልያም ቤትሰን ዘንድ የስንዴንና የሌሎችን ሰብሎች በሽታ የመቋቋም ኃይል አጠና። በዚያን ጊዜ ግሪጎር ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘው የዘር ውርስ ሕግ እንደገና ታውቆ ገና ብዙ ዓመት አልሆነውም ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ቫቪሎቭ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሁለት ነገሮችንም በልቡ ይዞ ነበር። የመጀመሪያው፣ አንድ ሰብል በሽታን የሚቋቋመው በዘሩ በወረሰው ባሕርይ መሆኑን መገንዘቡ ነው። ሁለተኛውም፣ ይህን ባሕርይ በአንድ አገር እርሻ ውስጥ ያጣ ተመራማሪ በሌላው ዓለም ሊያገኘው እንደሚችል መረዳቱ ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞ የተጀመረው በዳቦ ምክንያት ነበር። በ1916 በፋርስ ምድር የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች የአካባቢውን ዳቦ በልተው እንደ ሰከረ ሰው ይዞራቸው ጀመርና፣ ቫቪሎቭ ምክንያቱን እንዲያጣራ ተላከ። ምርመራውም በስንዴው ውስጥ የበቀለ፣ በሻጋታም የተጠቃ እንክርዳድ መኖሩን አሳየ። እንክርዳድ የበዛበት እህል እንደሚያዞር የኢትዮጵያም ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። ቫቪሎቭ ግን ተልእኮውን ከፈጸመ በኋላ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ በዚያው ወደ ፓሚር ተራሮች ወጣ። በዚያም አንድ አስደናቂ ነገር ተመለከተ። በቈላው እርሻ አጃ መሰሉ የሩሲያ እህል፣ ራይ የሚባለው፣ በስንዴ መካከል የሚበቅል አረም ነው። ከፍታው እየጨመረ፣ ብርዱም እየበረታ ሲሄድ ግን ስንዴው እየደከመ አረሙ እየበዛ ይሄድና፣ በመጨረሻ ገበሬው አረሙን ራሱን እህል አድርጎ ይዘራዋል። ስለዚህ አንዳንድ ሰብሎች የሰው ልጅ አስቦ ያላመዳቸው ሳይሆኑ፣ በሌላ ሰብል ተጠግተው ከእርሻ የገቡ መሆናቸውን አስረዳ።

በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ። አብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት አገሪቱን ሲያምስ፣ እሱ ከተማሪዎቹ ጋር በእርሻ ላይ ይውል ነበር። በ1920 በዚያችው ከተማ በተደረገ የዕፅዋት አዳቃዮች ጉባኤ ላይ፣ ስሙን በዓለም ያስጠራውን የተመሳሳይ የዝርያ ልዩነቶች ሕግ አቀረበ። የሕጉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የሚዛመዱ ዕፅዋት፣ ስንዴና ገብስን የመሳሰሉት፣ የሚያሳዩት ልዩነት ተመሳሳይ ተራ የያዘ ነው። በአንዱ ውስጥ ጢም ያለውና ጢም የሌለው ዛላ፣ ነጭና ጥቁር ፍሬ፣ ቶሎ የሚደርስና የሚዘገይ ዓይነት ከተገኘ፣ በዘመዱም ውስጥ እንዲሁ መገኘት ይኖርበታል። ያልተገኘም እንደሆነ ገና አልተፈለገም ማለት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ተመራማሪው በዘፈቀደ የሚለቅም መሆኑ ቀርቶ፣ የሚፈልገውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሆነ።

ሕጉን የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይወያዩበታል። በኋላ ዘመን የተደረገው የዘር ቅንጣት ጥናት፣ የሩዝ፣ የስንዴ፣ የገብስና የበቆሎ የዘር ንድፍ በብዙ ክፍሉ ተመሳሳይ ተራ የያዘ መሆኑን ስላሳየ፣ ቫቪሎቭ ከዛላና ከቅጠል ተነሥቶ የተናገረው ነገር ጥልቅ መሠረት እንደ ነበረው ታውቋል።

በ1921 ፔትሮግራድ ወደተባለችው፣ ኋላም ሌኒንግራድ ወደተሰኘችው ከተማ ተዛውሮ የተግባራዊ ዕፅዋት ጥናት መሥሪያ ቤትን ይመራ ጀመር። በዚያው ዓመት የቮልጋ አካባቢ እንደገና በረኃብ ተመታ። ቫቪሎቭም ወደ አሜሪካ ተጉዞ ዘርና መጻሕፍት ይዞ ተመለሰ። በእጁ የገባው መሥሪያ ቤት ድኃ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በአገሪቱ ልዩ ልዩ የአየር ጠባይ ያሉ የሙከራ ጣቢያዎችን ያቀፈ ታላቅ ተቋም አደረገው። በ1929 የሌኒን የግብርና ሳይንስ አካዳሚ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

ይሁን እንጂ ቢሮ ያሰረው ሰው አልነበረም። በ1924 አፍጋኒስታንን፣ በ1926 እና በ1927 የሜዲትራኒያንን አገሮች፣ ሶርያን፣ ፍልስጥኤምን፣ ኢትዮጵያንና ኤርትራን፣ በ1929 ምዕራብ ቻይናን፣ ጃፓንን፣ ኮሪያንና ታይዋንን፣ በ1930 ሜክሲኮንና የመካከለኛውን አሜሪካ አገሮች፣ በ1932 እና በ1933 ደቡብ አሜሪካን አሰሰ። የጉዞው ሥርዓት አንድ ዓይነት ነበር። ከገበያ፣ ከአውድማ፣ ከገበሬ ጎተራና ከቆመ እርሻ ጥቂት ጥቂት ዘር ይወስዳል፤ የቦታውን ስም፣ ከፍታና የአዘራሩን ወቅት ይመዘግባል፤ በትንንሽ ከረጢት አሽጎ ወደ ሌኒንግራድ ይልካል። በዚያም ዘሩ በልዩ ልዩ ጣቢያዎች ተዘርቶ ባሕርዩ ይጠናል። በ1940 ክምችቱ ከ200 ሺህ በላይ ናሙናዎች የያዘ ሆኖ በዓለም ወደር አልነበረውም።

የኢትዮጵያ ጉዞው ከሁሉም ይልቅ ካስደነቁት አንዱ ነበር። በጅቡቲ በኩል ገብቶ በምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም ሐረርን ጐብኝቶ ወደ አዲስ አበባ አቀና። በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት፤ ለጉዞው የሚያስፈልገውንም ፈቃድ አገኘ። ከዚያ በኋላ በበቅሎ ጓዝ ጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጐንደርና በአክሱም አድርጎ በኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ሥር እስከ ነበረችው አሥመራ ድረስ ተጓዘ። በየመንገዱ ያየው እርሻ በአውሮፓ ከለመደው የተለየ ነበር። በአውሮፓ አንድ ማሳ ላይ አንድ ዓይነት ስንዴ ይታያል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ነጭ፣ ቀይና ሐምራዊ ፍሬ ያለው፣ ጢሙ የረዘመና ያጠረ፣ ቀድሞ የሚደርስና የሚዘገይ ስንዴ ተደባልቆ ይበቅል ነበር። ይህ ድብልቅ የገበሬው ቸልተኝነት ውጤት አይደለም፤ አንዱን ውርጭ ቢመታው፣ ሌላውን ዋግ ቢበላው የተረፈው ቤተሰቡን እንዲመግብ የሚያደርግ የኑሮ ዋስትና ነው።

በዚህም ጉዞ ሕጉን የሚያጸና ማስረጃ አገኘ። በዳቦ ስንዴ ዘንድ ጢም የሌለው ዓይነት ሲታወቅ፣ በጠንካራው፣ ለፓስታና ለማካሮኒ በሚውለው ስንዴ ዘንድ ግን አይታወቅም ነበር። እሱ በሕጉ መሠረት ይኖራል ብሎ የጠበቀውን ጢም አልባ ጠንካራ ስንዴ በኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ አየው። ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎችም በ1931 ራሱን የቻለ ጥናት አሳተመ። ጤፍን፣ ኑግን፣ እንሰትንና ቡናን ተመልክቶ ኢትዮጵያን በዓለም ካሉት ዐበይት የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መዘገበ።

የመገኛ ማዕከላት ትምህርቱን መጀመሪያ ያወጣው በ1926 ሲሆን፣ በ1935 ማዕከላቱን ስምንት አድርሶ አስፋፋው። የትምህርቱ መሠረት፣ የአንድ ሰብል ልዩነት እጅግ በዝቶ የሚታይበት አገር የሰብሉ የትውልድ አገር ነው የሚል ነበር። እዚህ ላይ የኋላ ተመራማሪዎች እርማት አድርገዋል። አሜሪካዊው የሰብል ተመራማሪ ጃክ ሃርላንና ሌሎችም እንዳስረዱት፣ የልዩነት መብዛት ብቻውን የትውልድ ምስክር አይሆንም። የስንዴና የገብስ የዱር ዘመዶች የሚገኙት በቅርብ ምሥራቅ ነው፤ የሰው ልጅ ያላመዳቸውም በዚያ ከ10 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ እንደሆነ የመሬት ቁፋሮ አረጋግጧል። ኢትዮጵያ የደረሱት ተሰደው ነው። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰትና ቡና ግን የዚሁ ምድር ተወላጆች ናቸው። ይህ እርማት የቫቪሎቭን ሥራ አላፈረሰውም፤ ይልቁንም የኢትዮጵያን ገበሬ ድርሻ አጐላው። ከውጭ የመጣውን እህል ተቀብሎ፣ በቈላና በደጋ፣ በየሸለቆው አከፋፍሎ፣ እንደ አዲስ ያበዛው እሱ ነውና።

ቫቪሎቭ በዚህ የክብር ዘመን ላይ ሳለ የመከራው ዘር ተዘርቶ ነበር። የገበሬው እርሻ በግዳጅ ወደ ማኅበር ሲጠቃለልና በ1932 እና በ1933 ረኃብ ሚሊዮኖችን ሲፈጅ፣ የሶቪየት መንግሥት ከሳይንቲስቶች ፈጣን ውጤት ይጠይቅ ጀመር። አዲስ ዝርያ ለማውጣት ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅ የነበረው ጊዜ በግማሽና ከግማሽ በታች እንዲያጥር ታዘዘ። ቫቪሎቭ ይህ የማይቻል መሆኑን ያውቅ ነበር። በዚህ መካከል ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የገበሬ ልጅ ዘርን ከመዝራት በፊት አርጥቦ በማቀዝቀዝ ምርትን በአጭር ጊዜ ማብዛት፣ ይባስ ብሎም የእህልን ባሕርይ በአስተዳደግ ለውጦ ለዘሩ ማውረስ ይቻላል እያለ ተነሣ። ከዚህ ላይ ሳይገለጽ ሊታለፍ የማይገባው፣ መጀመሪያ ሊሴንኮን ከደገፉትና ለታላላቅ ጉባኤዎች ካበቁት ሰዎች አንዱ ራሱ ቫቪሎቭ መሆኑ ነው። ወጣት ተመራማሪን ማበረታታት ልማዱ ነበር፤ የዘር ማቀዝቀዙም ዘዴ ለሙከራ ይጠቅማል ብሎ አምኖ ነበር። ስሕተቱን የተረዳው ደጋፊነቱ ለሌላው ሥልጣን መወጣጫ ከሆነ በኋላ ነው።

ሊሴንኮ የዘር ውርስ ሳይንስን የቡርዧ ቅዠት እያለ ሲያወግዝ የስታሊንን ድጋፍ አገኘ። ቫቪሎቭ በ1935 ከአካዳሚው ፕሬዚዳንትነት ወረደ፤ በ1938 ሊሴንኮ በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በ1937 በሞስኮ ሊደረግ የነበረው ዓለም አቀፍ የዘር ውርስ ጉባኤ ተሰረዘ። ጉባኤው በ1939 በኤዲንብራ ሲሰበሰብ ቫቪሎቭ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቢመረጥም ከአገሩ እንዳይወጣ ተከለከለ። ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ይታሰሩ ጀመር። ብዙዎች ዝምታን ወይም ንስሐን በመረጡበት በዚያ ዘመን፣ እሱ በአደባባይ ቆሞ ሳይንሱን መከላከሉን አልተወም። ዋጋውን እያወቀ ያደረገው ነገር ነው።

ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን በቼርኖቪትሲ አካባቢ ዕፅዋት ሲሰበስብ ውሎ ሳለ በጸጥታ ሠራተኞች ተይዞ ተወሰደ። ባልደረቦቹ በኋላ ከረጢቱን ሲከፍቱ በዚያው ቀን ያገኘውን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ተመለከቱ። ለወራት ሌሊት ከቀን ተመረመረ፤ በስለላና ግብርናን በማሰናከል ተከሰሰ። ሐምሌ 9 ቀን 1941 በደቂቃዎች ውስጥ በተፈጸመ ችሎት የሞት ፍርድ ተፈረደበት። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቃረብ ወደ ሳራቶቭ እስር ቤት ተጋዘ። ይህች ከተማ ሕጉን ለዓለም ያበሠረባት ከተማ ነበረች። በእስር ቤትም ሳለ የዓለምን የእርሻ ታሪክ ጻፈ፤ ጽሑፉ ግን ጠፋ። ለእስረኞች ጓደኞቹም ስለ ሳይንስ ትምህርት ይሰጥ ነበር። በ1942 የሞት ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠለት። በዚሁ ዓመት የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል አድርጎ መረጠው። ባለቤቱ ኤሌና ባሩሊና፣ ራሷም የምስር ተመራማሪ የነበረችው፣ ከልጃቸው ጋር ከሌኒንግራድ ወጥታ በዚያችው በሳራቶቭ ተጠግታ ትኖር ነበር። ባልዋ በዚያው ከተማ መታሰሩን ግን የነገራት አልነበረም፤ ስንቅ የምትልክለት ወደ ሞስኮ ነበር። ቫቪሎቭ በምግብ እጦት ከሰውነት ጐዳና ወጥቶ ጥር 26 ቀን 1943 በ55 ዓመቱ አረፈ።

እሱ በሳራቶቭ ሲራብ፣ የሰበሰበው ዘር በሌኒንግራድ ከበባ ውስጥ ነበር። ከተማይቱ ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ድረስ በጀርመን ጦር ተከብባ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝቧ በረኃብ አልቋል። በተቋሙ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ኩንታል ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎና አተር ተከማችቶ ነበር። ጠባቂዎቹ ግን ለነገ የተቀመጠውን ዘር ለዛሬ ረኃባቸው አላዋሉትም። የሩዝ ክምችት ኃላፊ የነበረው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ፣ የለውዝ ተመራማሪው አሌክሳንደር ሹኪንና የአጃ ተመራማሪዋ ሊሊያ ሮዲና በረኃብ ከሞቱት መካከል ናቸው። የኢቫኖቭ ሩዝ እንደ ታሸገ ተገኘ። ዘር መብላት ለገበሬ የመጨረሻው ተስፋ መቍረጥ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ፣ እነዚህ ሰዎች የፈጸሙትን ነገር ክብደት ይረዳዋል።

ስታሊን ከሞተ በኋላ በ1955 የቫቪሎቭ ፍርድ ተሽሮ ንጹሕነቱ ታወጀ፤ በ1960ዎቹም ሊሴንኮ ከሥልጣኑ ሲወርድ ተቋሙ በቫቪሎቭ ስም ተጠራ። ሐሳቡ ግን ከአገሩ ድንበር አልፎ ነበር። በየአገሩ የዘር ማከማቻዎች ተቋቋሙ። የኢትዮጵያም የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል በ1976 ተመሥርቶ፣ በአሁኑ ዘመን የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚል ስም ይሠራል። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም መጠበቅ እንዳለበት በተግባር በማሳየታቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በ2008 ደግሞ በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴት፣ የሌሎች ማከማቻዎች መጠባበቂያ የሚሆን ጎተራ በተራራ ውስጥ ተከፈተ። የሶርያ ጦርነት በሐለብ አጠገብ የነበረውን የዘር ማከማቻ ሥራ ባሰናከለ ጊዜ፣ በ2015 ከዚያ ጎተራ ዘር ወጥቶ እንደገና ለመባዛት በቅቷል።

ጥቅሙም በተግባር ታይቷል። ገብስን አቀጭጮ ቅጠሉን የሚያቢጨው የቫይረስ በሽታ በካሊፎርኒያ እርሻዎች ላይ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ፣ የመቋቋሚያው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። የስንዴን ግንድ የሚያጠቃው አዲስ የዋግ ዓይነት በ1990ዎቹ መጨረሻ በኡጋንዳ ታውቆ ወደ ሌሎች አገሮች ሲዛመትም፣ ተመራማሪዎች መፍትሔ ፍለጋ ወደ ጥንታዊ ዝርያዎች ተመልሰዋል። የኢትዮጵያን ጠንካራ ስንዴዎች ከገበሬዎች ጋር በማሳ ላይ እየገመገሙ፣ የገበሬውን ምርጫ ከዘር ቅንጣት ምርመራ ጋር ያስተያዩ ጥናቶችም፣ ገበሬው በዓይኑ የሚመርጠው ባሕርይ በሳይንስ ሊለካና ለዝርያ ማሻሻል ሊውል እንደሚችል አሳይተዋል።

እንግዲህ የቫቪሎቭ ውርስ አንድ ጥያቄ ትቶ አልፏል። በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ዘር ከጥፋት ይድናል፤ ነገር ግን ባለበት ይቆማል። አየሩ ሲሞቅ፣ ዝናቡ ሲዛባ፣ በሽታው መልኩን ሲለውጥ አብሮ የሚለወጠው በየዓመቱ የሚዘራው ብቻ ነው። ምርታማው አንድ ዓይነት ዘር ድብልቁን ከማሳ ባስወጣ ቍጥር፣ ያ ሺህ ዓመታት የፈጀ ፈተናና ምርጫ ይቋረጣል። ገበሬውም ቤተሰቡን የሚያጠግብ ምርት ሲሻ ሊወቀስ አይገባውም፤ ለዓለም ሁሉ የሚጠቅም ቅርስ ሲጠብቅ ወጪውን ብቻውን ይሸከም ዘንድ ግን ፍትሕ አይደለም። በ1927 አንድ ተጓዥ ሊቅ በኢትዮጵያ ደጋ ማሳ ላይ ያየው ባለ ብዙ መልክ ስንዴ ለልጅ ልጅ መድረስ አለመድረሱ የሚወሰነው፣ በማከማቻው በር ቍልፍ ብቻ ሳይሆን፣ ሰኔ በመጣ ቍጥር ከገበሬው ጎተራ በሚወጣው ዘር ነው።